ትንሽ ይከብዳል

ዕቃው ልክ መጥቶለት የማያውቅ ሰው የሌለበት ቤተሰብ የለም። ቢላው ይደነዝዝበታል፣ ወንበሩ ይነቃነቅበታል፣ ትራሱ አንድ ጣት ከፍ ይልበታል። የእኛ ቤት ድርሻ የታላቅ እህቴ ባል ነበሩ፤ አርባ ዓመት መድኃኒት ሲመዝኑ ኖረው ጡረታ የወጡ ፋርማሲስት። በሌሉበት ጋሼ ግራም እንላቸው ነበር። ፊት ለፊት ግን ጋሼ ብቻ ናቸው።

የጋሼ ግራም ፍቅር ጎልፍ ነበር። ይጫወታሉ ብል እዋሻለሁ፤ የሚሠሩት ዱላውን ማስተካከል ነው። ጀርባው ሙጫ ያለው ስስ የእርሳስ ብረት ጥቅል ነበራቸው። ከሱ ላይ በእህቴ የልብስ መቀስ ጥፍር የምታህል ይቆርጡና ኳሱን በሚመታው በዱላው ራስ ጀርባ ላይ ይለጥፋሉ፤ ወጥ ቤት ሚዛን ላይ ያወጡታል፤ ጓሮ ሄደው አየሩን ሁለት ጊዜ ይመቱበታል። ከዚያ "ትንሽ ቀለለ" ወይም "ትንሽ ይከብዳል" እያሉ ይመለሳሉ። አንዷ ልጥፍ ሁለት ግራም ነች። ሁለት ግራም ስንት እንደሆነ ያወቅሁት በእሳቸው ነው፤ ምንም ማለት ነው።

አንድ ቀን ሜዳ ድረስ ተከትያቸው ሄድኩ። ከኋላችን አራት ሰዎች ተራ እየጠበቁ፣ ክቡርነታቸው ዱላውን አንድ ጣታቸው ላይ አጋድመው መሀሉን ይፈልጋሉ። አንዷን ልጥፍ ላጥ አደረጓትና ማስቀመጫ ቢያጡ እኔ ግንባር ላይ ለጠፏት። ከኋላ ያለው ሰውዬ ቢጨንቀው፣ "አባት፣ ሳይመሽ ቢመቱት ምናለበት?" አላቸው። ዞር ብለው እንኳ አላዩትም። በመጨረሻ ሲመቱት ኳሱ ቁጥቋጦ ውስጥ ገባ።

"አላልኩህም? ይከብዳል" አሉኝ፣ ጥፋቱ የእኔ ግንባር ይመስል።

የገዛ ልጃቸው ሰርግ ላይ ንግግር እንዲያደርጉ ማይክ ሰጧቸው። ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ አድርገው ከመዘኑት በኋላ ለሁለት መቶ እንግዳ የተናገሩት የመጀመሪያ ቃል "ራሱ ጋ ይከብዳል" የሚል ነበር። እህቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

የእኔ ሥራ መፍረድ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ገና ከበር ሳልገባ ዱላውን ያቀብሉኛል። "ያዝና ፍረድ!"

"ምንም አልተለወጠም፣ ጋሼ።"

"አንተ እኮ እጅህ ድንጋይ ነው!"

"እርስዎ ደግሞ ጭቅጭቅ ሲያምርዎት ነው።"

ሃያ ዓመት እንዲህ ተነታረክን። አንድም ቀን እውነትዎን ነው ብያቸው አላውቅም።

ያለፈው ዓመት መጀመሪያ ላይ ግን አንድ ነገር ታዘብኩ። "ቀለለ" የምትለዋ ቃል ጠፋች። መለጠፍ ቀረና መላጥ ብቻ ሆነ። የተላጡትን ልጥፎች የሚያጠራቅሙበት የመድኃኒት ብልቃጥ በየሳምንቱ ሞላ እያለ መጣ፤ ዱላው ግን አሁንም ይከብዳቸዋል። ከእርሳሱ አልፈው የመጨበጫውን ጎማ በስስ ቀየሩት። ያም ከበዳቸው።

አንድ ቅዳሜ እህቴ ጓሮ ሳልደርስ ወጥ ቤት ጎትታ አስገባችኝ። መደርደሪያው ላይ የነበሩት የሸክላ ስኒዎች የሉም፤ ቦታቸውን የፕላስቲክ ኩባያ ይዞታል።

"ሐኪሙ ነግሮናል" አለችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "የእጁ ጡንቻ እየሟሸሸ ነው። በእጁ ብቻ አይቆምም ብሎናል። እሱ ግን የከበደው ዱላው ነው ይላል። እባክህ ወንድሜ፣ ዛሬ እንኳ አትከራከረው።"

ጓሮ ወጣሁ። ጋሼ በሁለት እጃቸው ይዘው አቀበሉኝ። በእጄ ያዝኩት። እርሳስ የሚባል አልቀረበትም፤ የዣንጥላ ዘንግ ያህል ነው የሚመዝነው።

"ያዝና ፍረድ" አሉኝ።

"እውነትዎን ነው፣ ጋሼ። ትንሽ ይከብዳል።"

ደግነት መስሎኝ ነው። ዱላውን ቀስ ብለው ተቀበሉኝና አግዳሚው ላይ ተቀመጡ።

"ነገረችህ" አሉኝ።

ዓይኔ ወደ ወጥ ቤቱ መስኮት ሸሸ።

"እርሳሱ ካለቀ ወር አልፎታል። አርባ ዓመት የመዘንኩ ሰው ዱላው አለመክበዱ የሚጠፋኝ ይመስልሃል? ሐኪሙ እሺ ይለኛል፣ እሷ እሺ ትለኛለች፣ ልጄ በስልክ እሺ አባዬ ትለኛለች። የሚሟገተኝ አንተ ብቻ ቀርተህልኝ ነበር።"

ቤቴ እስክደርስ ድረስ አፈርኩ። እኚያን ሰው በሃያ ዓመት ውስጥ እንዲህ አድርጌ የበደልኳቸው ቀን አልነበረም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሄድኩ። አመነቱና ዱላውን ዘረጉልኝ፤ ቀኝ እጃቸውን በግራው ደግፈዋል። እኔም ጎረቤት እስኪሰማ ጮህኩባቸው፦ "ምንም አይከብድም! ነገረኛው እርስዎ ነዎት! ላባ የሚያህል ዱላ ይዘው ሰው ያሰቃያሉ!"

እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። "እጅህ ድንጋይ ነው" አሉኝ። ከሳቃቸው በኋላም እንባው አልቆመም፤ የእኔም እንዲሁ። ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ አላጓደልንም። አልጋ ላይ ከዋሉ በኋላ ዱላውን መዳፋቸው ላይ አስቀምጬ ከሥር በእጄ እደግፈው ነበር፤ እሳቸው ይከብዳል፣ እኔ አይከብድም። የመጨረሻዋ ቅዳሜ ድምፃቸው ስላልወጣ በከንፈራቸው ብቻ አሉት። እኔ ድምፅ ነበረኝና መለስኩላቸው።

ከቀብር በኋላ በነበረው ቅዳሜ እግሬ እንደለመደው ወሰደኝ። ዱላው ጓሮ በር ላይ ተደግፏል። አነሳሁት፤ አየሩን አንድ ጊዜ መታሁበት። እንዴት ናፍቀውኛል! ብልቃጡን ከፈትኩና አንዷን ልጥፍ አውጥቼ ለጠፍኩበት። መልሼ ላጥኳት።

"ትንሽ ይከብዳል" አልኩ፣ ማንም የሚሰማኝ ሳይመስለኝ።

ከወጥ ቤቱ መስኮት የእህቴ ድምፅ መጣ።

"ምንም አልተለወጠም!"