ድንጋዩን የሚያነቡት አማች

በየቤተሰቡ፣ የዓለም ሊቃውንት ያቃታቸውን ጥንታዊ ጽሑፍ ለመፍታት "ትንሽ የቀረው" አንድ ሰው አይጠፋም። ያቺ ትንሽ ግን አታልቅም። ለፋርማሲስቱ የደረሱት የሚስቱ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር፣ የቤት ማዕረጋቸው "ክቡር ሊቅ"። ማዕረጉን የሰጣቸው ራሱ ፋርማሲስቱ ነው፤ ቀን ሙሉ ቆሞ መድኃኒት ሲያድል ውሎ፣ እግሩን ሊዘረጋ ሲገባ ሶፋውን መዝገበ ቃላት ሞልቶት ያገኘ ዕለት።

ክቡር ሊቅ የመጡት ለሁለት ሳምንት ነበር። ይኸው ዓመታት አለፉ፤ የቤቱ ልጅ ክፍሏን ለቃላቸው ሳሎን ትተኛለች። የሚፈቱት ማንም አንብቦት የማያውቅ የድንጋይ ላይ ጽሑፍ ሲሆን፣ እጃቸው ላይ ያለው ከአሮጌ መጽሔት የተቀደደ ፎቶው ብቻ ነው። በእሳቸው አባባል ምልክቶቹ ከዋክብት ናቸው፤ እያንዳንዱ በሰማይ ላይ ቦታ አለው። ድምፁ ደግሞ ኮከቡ በተለያዩ ቋንቋዎች ከሚጠራበት ስም ይወጣል። ሦስት የማይተዋወቁ ቋንቋዎች አንድ ድምፅ ከተጋሩ አበቃ።

"አጋጣሚ ነው በለኝ እስቲ!" ይላሉ ጣታቸውን ቀስረው።

"አጋጣሚ ነው፣ ጋሼ" ይላል ፋርማሲስቱ ካልሲውን እያወለቀ።

"አየህ፣ አንተም ተጠራጠርክ!"

ሰማዩ የጠራ እንደሆነ የግቢውን መብራት ያጠፋሉ። በዚሁ ጨለማ ጎረቤታቸውን ባልዲ ጠልፏት ስትወድቅ፣ ቅባት የሰጣትም ይቅርታ የጠየቃትም ፋርማሲስቱ ነው። ሊቁ የጠየቋት በእናቷ ቋንቋ ኮከብ ምን እንደሚባል ነው።

ደክሞታል። የሚጽናናው በአንድ ቃላቸው ነው፦ "የተፈታ ዕለት፣ ወይም መሳሳቴን ያወቅኩ ዕለት፣ ክፍሉን እለቃለሁ።" ከሁለቱ አንዱ ይምጣልኝ ብሎ ስንቴ ተመኝቷል።

መጣ። ድንጋዩ ራሱ በከተማው ሙዚየም ለእይታ ቀረበና እሁድ ቤተሰቡ ተያይዞ ሄደ። ሊቁ ከረባት አስረዋል። ፎቶውን አውጥተው ከድንጋዩ ጎን ያዙት። በፎቶው ላይ የተሸረፈው የግራው ማዕዘን ነው፤ በድንጋዩ ላይ የቀኙ። መጽሔቱ ገልብጦ ነው ያተመው። ያን ሁሉ ዓመት ከሰማይ ጋር ሲያገጣጥሙት የኖሩት ግራው ቀኝ የሆነ ጽሑፍ ነበር።

ሊቁ ምንም አላሉም። ፎቶውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ጥግ ላይ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጡ።

"ክፍሉን ለልጅቷ እለቅላታለሁ" አሉ ቀስ ብለው። "ነገ ዕቃዬን እሰበስባለሁ።"

ፋርማሲስቱ ስንት ዓመት የጠበቀው ቃል ይኸው ነበር። ደስ ሊለው ሲገባ፣ ከረባታቸውን እንዳሰሩ አቀርቅረው ሲያያቸው አንጀቱን በሉት።

"ጋሼ" አለ፣ "ሰማዩን እኛ ከታች ነው የምናየው። ከላይ ሆኖ ለሚያየውስ? ግራችን ቀኙ አይሆንም? ጸሐፊው ከላይ እንደሚታየው አድርጎ ጽፎት ቢሆንስ?"

ሚስቱ ክንዱን ቆነጠጠችው፤ ግን ረፍዷል። ሊቁ ብድግ ብለዋል።

"ከላይ!" ብለው ጮኹ፤ የሙዚየሙ ጥበቃ ሳይቀር ዞረ። "እንግዲያው ንባቡ ከሌላው ጫፍ ነው የሚጀምረው! ሁሉንም እንደገና መሥራት አለብኝ!"

ወደ ቤት ሲመለሱ ሊቁ ከፊት ከፊት እየተራመዱ፣ ሰማይ ከጀርባው ምን እንደሚመስል ለልጅቷ ያስረዳሉ።

"አንተ ሰውዬ፣ ምን አስለፈለፈህ?" አለች ሚስቱ። "በቃ ሊወጣልን ነበርኮ! ልጅህ ሳሎን ልታረጅ ነው።"

"እኔ እንጃ" አለ ፋርማሲስቱ። "ዝም ሲሉ ፈራሁ።"