ስለ ሆዴ የተጸለየ ጸሎት

ሰው ስናደንቅ ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? «እሱ እኮ ማንንም ሳያስቸግር ነው እዚህ የደረሰው» እንላለን። ማንንም አለማስቸገር እኛ ዘንድ ትልቅ ማዕረግ ነው። ቧንቧው ሲያፈስ በጨርቅ ጠፍሮ፣ ጫማው ሲቀደድ በማስቲሽ ለጥፎ፣ ድምፁን አጥፍቶ የሚኖር ሰው ይመሰገናል። እኔም እንዲህ ያለ ሰው በመሆኔ በልቤ እኮራ ነበር። አንድ እሑድ ኮምቦልቻ ምሳ እስክጠራ ድረስ።

የጠሩኝ የምሕረት ወላጆች ናቸው። ምሕረት ደሴ ውስጥ በአንድ የመዘምራን ቡድን አብራኝ የምታገለግል፣ ላገባት የምፈልጋት ልጅ ናት። አባቷ ጋሽ ታደሰ «መጀመሪያ ልጁን ልየው» ብለው ነበርና ምሳው ምሳ ብቻ አልነበረም። ምን እንደምለብስ፣ ምን ቢጠይቁኝ ምን እንደምመልስ ሳሰላስል ሰነበትኩ። ያላሰብኩት ሙቀቱን ነው። ለደሴ ብርድ የተሰፋ ሙሉ ልብሴን ከነሹራቡ ለብሼ ኮምቦልቻ ስደርስ፣ ከሚኒባሱ የወረድኩት ዝናብ እንደመታው ሰው ነበር። ስለዚህ ሰላምታው በቅጡ ሳያልቅ ፊቴን ልታጠብ ብዬ መታጠቢያ ቤት ገባሁ።

ታጠብኩ። ልወጣ ስል የበሩ እጀታ ተነቅሎ እጄ ላይ ቀረ።

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? ትጣራላችሁ። ጤነኛ ሰው ይጣራል። እኔ ግን «ልጃችንን ሊጠይቅ መጥቶ በራችንን ሰበረ» ሲባል ገና ከአሁኑ ተሰማኝ። እጀታውን መልሼ ወተፍኩት፤ ባዶውን ዞረ። በቁልፍ ጫፍ ጎረጎርኩ፤ እምቢ አለ። ከዚያ በሩን ከመቃኑ ጋር የያዙትን ማጠፊያዎች አየሁ። ብሎኖቹ በእኔ በኩል ናቸው። የቁልፍ መያዣዬ ላይ ደግሞ ጥፍር መቁረጫ አለ። ብሎን ሲወድቅ እንዳይጮኽ ሹራቤን አውልቄ ወለሉ ላይ አነጠፍኩና ሥራ ጀመርኩ።

ሳሎኑ ቅርብ ነው፤ ሁሉ ነገር ይሰማል።

«ልጁ ቆየሳ» አሉ ጋሽ ታደሰ።

«ተወው፣ እንዳያፍር» አሉ እናትየው ዝቅ ባለ ድምፅ። «ሆዱን አሞት ይሆናል። መንገዱ ጠመዝማዛ አይደል?»

«እንዲያ ከሆነማ እንጸልይለት።»

ጋሽ ታደሰ ጸሎት ላይ ችኮላ አያውቁም። «ጌታ ሆይ፣ ይህን ወጣት አስበው፤ አንጀቱን ዳብስለት፤ በውስጡ የሚናወጠውን ጸጥ አድርገው» ሲሉ ቤቱ «አሜን» ይላል። ምሕረትም ጭምር። በጤናችሁ ቆማችሁ ስለ ሆዳችሁ ሲጸለይ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ላቤ ብሎኑ ላይ እየተንጠባጠበ የመጨረሻውን ማጠፊያ ፈታሁ።

በሩን አቅፌ ወጣሁ። ሁሉም አንገታቸውን ደፍተዋል። በሩን ከውጭ መቃኑ ላይ አስደገፍኩና በእግር ጣቶቼ ተራምጄ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። ጸሎቱ ሲያበቃ እኔም «አሜን» አልኩ። ከሁሉም በላይ የሚያሳፍረኝ ያ አሜን ነው።

«ተሻለህ ልጄ?» አሉ እናትየው።

«ተመስገን፣ ተሻለኝ።»

ጋሽ ታደሰ ጸሎታቸው እንዲህ ቶሎ በመመለሱ ደስ ብሏቸው እጃቸውን ሊታጠቡ ተነሱ። ልናገር አፌን ስከፍት በሩን ነኩት። በሩ እንዳለ መጣላቸው።

በሁለት እጃቸው እንደያዙት ዞረው አዩኝ። እጀታውን ከኪሴ አወጣሁ።

«እጀታው ድሮም ይነቀላል» አሉ። «ውስጥ የቀረ ይጣራል፣ ውጭ ያለ ይከፍትለታል። አንተ ምነው ዝም አልክ?»

«እንዳላስቸግራችሁ ብዬ ነው።»

አልሳቁም። ወደ ምሕረት ዞሩ። «ልጄ፣ ብልሃቱንስ አየሁለት። ግን እንዲህ ያለ ሰው ሲጨንቀው አይናገርም። አብረሽው ስትኖሪ መቸገሩን በምን ታውቂያለሽ?»

ነገሬ ሁሉ እዚያች ጥያቄ ላይ ተንጠለጠለ። ለሌላው ሁሉ ተዘጋጅቼ ነበር፤ ለዚህኛው ግን አልተዘጋጀሁም።

«አየዋለሁ፣ አባዬ» አለች።

«እንዴት አድርገሽ? ይኸው በር ተሸክሞ ሲያልፍ ማን አየው?»

ምሕረት አንገቷን ደፋች።

«እኔ አይቼዋለሁ። ጸሎቱ ላይ... ዐይኔን ገልጬ ነበር።»

እናትየው አፋቸውን በመዳፋቸው ያዙ። ጋሽ ታደሰ እሷን አዩ፣ እኔን አዩ፤ እጃቸው ላይ ያለውን በር አዩ።

«በሉ እናንተ ጉዶች» አሉ በመጨረሻ፣ «ኑና ሁለታችሁም ያዙት። ከበደኝ።»