የ«ፈ» እግር

አዋጅ! የሰማህ ላልሰማ፣ የፈረምህ ላልፈረመ አሰማ! የባንካችን ፊርማ መርማሪ፣ የቀለም ዳኛ፣ የአጉሊ መነጽር ባለቤት፣ ከጉና ተራራ እስከ ዋንዛዬ ፍል ውኃ በተጫረ መስመር ሁሉ ላይ ሥልጣን ያላቸው ክቡር ጓድ ደምሴ፣ ቁመታቸው ከባንኮኒው በላይ በግንባር ብቻ ብቅ የሚል ቢሆንም፣ ከዛሬ ጀምሮ ማንም ፍጡር ያለ እርሳቸው ፈቃድ «እኔ ራሴ ነኝ» እንዳይል አውጀዋል!

አንቱታው እስከዚህ ይበቃዋል። ባንክ ቤት ደጃፍ የረገጠ ሰው ሁሉ ደምሴን ያውቀዋል። ስሙ ሌላ ሊሆን ይችላል፤ መነጽሩ ግን ያው ነው። በየባንኩ አንድ ደምሴ አለ፤ ያለ እርሱ ባንክ አይከፈትም፣ እርሱ እያለ ደግሞ ብር አይወጣም። የፊርማ ናሙና ካርድህን ይመዝዛል። ቼክህን ከጎኑ ያጋድመዋል። መነጽሩን እፍ ይልበታል፣ በከረባቱ ጫፍ ይወለውላል፣ ያያል። ደግሞ ያያል። አንተ ከወዲህ ኃጢአትህን መቁጠር ስትጀምር ያቺን ቃሉን ይላታል፦

«አይመሳሰልም።»

በትልቅ ባንክ መሥራት ምን እንደሚመስል ለማያውቅ ልንገረው። ሰርግ ቤት ከሽማግሌዎች ጎን ያስቀምጡሃል፤ ጤናህን የሚጠይቅህ ግን የለም፤ «ካዝናው እንዴት አደረ?» ነው የሚሉህ። ከዋናው መሥሪያ ቤት መመሪያ ይመጣል፤ እሱን አንብበህ ሳትጨርስ የሚሽረው ይደርሳል። ክረምት ሲገባ ስልኩ ከዝናቡ ጋር ይወድቃል፣ የደብረ ታቦር ብርድ ጣትህን ቆልምሞት ማኅተሙን ከወረቀቱ ይልቅ ክንድህ ላይ ትመታዋለህ። ይሁንና ያችን ከረባት አስረህ በገበያ መካከል ስታልፍ፣ ጀርባህን አንድ ትልቅ ነገር የደገፈህ ይመስልሃል፤ አንገትህ ሳታዘው ቀጥ ይላል።

እኔ ከደምሴ ቀጥሎ ባለው መስኮት ነበርሁ። ፊደል የቆጠርሁት በዳዊት ቢሆንም ያደግሁት በበራሪ ወረቀት ነው፤ ሰውን ሁሉ እንደ ብር ኖት በየመደቡ አስሬ አስቀምጥ ነበር። ደምሴን «ጸረ ሕዝብ ቢሮክራት» ከሚለው መሳቢያ ከትቼ ቆለፍሁበት። ማስረጃ አልጎደለኝም።

ጨርቅ ነጋዴው ሐጂ የሱፍ በዐረብኛ ይፈርማሉ። ደምሴ ዐረብኛው ይቅርና የዐረብ አገር በየት በኩል እንደሆነ አያውቅም። አንድ ቀን ካርዱን ዘቅዝቆ ይዞ፣ «ሐጂ፣ ይህች ነጥብ ያኔ አልነበረችም» አላቸው።

«እሷማ የዝንብ ናት፣ ልጄ።»

«የዝንቧ ፊርማ በናሙናው ላይ የለም» ብሎ መለሳቸው። ሐጂ ሲወጡ ወደ እኔ ዘወር ብለው፣ «ይህ ሰው የጀነት በረኛ ቢሆን ጻድቃኑ ሁሉ ደጅ ያድሩ ነበር» አሉ።

ወይዘሮ እቴነሽ ደግሞ ደምሴ በቁርባን ያገባት ሚስቱ ናት። ከቁጠባዋ ልታወጣ መጥታ ፈረመች። እፍ አለ፣ ወለወለ፣ አየ።

«አይመሳሰልም።»

«ደምሴ! ሚስትህ እኮ ነኝ!»

«ሴትዮዋስ ትመሳሰላለች» አለ፣ ተሰልፎ ለሚጠብቀው ሕዝብ እንደሚመሰክር ሁሉ። «ፊርማዋ ናት የማትመሳሰለው።»

«እሰይ! እንግዲያ ማታ ራትህን ፊርማዬ ታቅርብልህ!»

የዚያን ዕለት ራቱን ሻይ ቤት በላ። የሥራ አስኪያጃችንን ፊርማ እንኳ «ከሹመቱ ወዲህ ወፍራለች» ብሎ መልሶባቸዋል። እንዲህ ያለ ሰው ነው እንግዲህ የአገር ሀብት አደራ የተጣለበት።

አሁን ወደ ነሐሴ ሰባ ስድስት ልውሰድህ። ቡሄ አልፏል፤ የአብዮቱ ዐሥረኛ ዓመት እየመጣ ነውና አገሩ በሙሉ የበዓል ቅስት ለማቆም ይራወጣል። ጓድ ካሳሁን የሚባለው ካድሬ በሩን በትከሻው ከፍቶ ገባ። ከፊቱ የጋሳይ ገበሬዎች ማኅበር ሊቀ መንበር አያ ፈንታሁን አሉ፤ ሊሸጥ እንደተነዳ በግ ነበር አመጣጣቸው።

አያ ፈንታሁንን ሁላችንም እንወዳቸዋለን። የጋሳይ ሰው ገብሱንና ድንቹን እየሸጠ ለወፍጮ መግዣ ያጠራቀመው እኛ ዘንድ ነበር፤ ሴቶቹ እህል አዝለው በጭቃ እስከ ደብረ ታቦር መመላለሱ እንዲቀርላቸው። አያ ፈንታሁን ለገበያ በመጡ ቁጥር በመስኮቱ ብቅ ብለው፣ «ወፍጯችን ደኅና አደረች?» ይላሉ፤ ካዝናው ውስጥ ታስራ ድርቆሽ የምትበላ ይመስል። ያን ቀን ስለ ወፍጮዋ አልጠየቁም። ባርኔጣቸውን ይዘው መሬት መሬቱን ያዩ ነበር።

«ማኅበሩ ለቅስቱ ሥራ በገዛ ፈቃዱ አዋጥቷል» አለ ጓድ ካሳሁን። «ያለው በሙሉ ይውጣ። ቶሎ ጨርሱላቸው።»

ደምሴ ቀና አለ። «በፈቃድዎ ነው፣ አያ ፈንታሁን?»

«አዎ» አሉ ሰውየው። «በፈቃዴ ነው አሉኝ።»

ፈረሙ። አንገቴን አስግጌ ካርዱንም ቼኩንም አየሁ። አያ ፈንታሁን ፊደል የያዙት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ስማቸውን የሚጽፉት እርሻ እንደሚያርሱ ነው፤ ትልማቸው ፈቀቅ አትልም። በካርቦን የተገለበጠ እንኳ እንዲያ አይገጥምም። በልቤ «አበቃ፤ ወፍጮዋ ሄደች» አልሁ።

ደምሴ እፍ አለ። ወለወለ። አየ። ደግሞ አየ።

«አይመሳሰልም።»

«ምኑ ነው የማይመሳሰለው?» አለ ካድሬው።

«የ‹ፈ› እግሯ። በናሙናው ቀጥ ብላ ቆማለች፤ እዚህ ታነክሳለች።»

አያ ፈንታሁን ሁለተኛ ፈረሙ። «አነከሰች» አለ ደምሴ። ሦስተኛውን ሊፈርሙ ሲሉ ቀና ብለው ደምሴን ዓይን ዓይኑን አዩት፤ የገበሬ ዓይን ደግሞ ደመና ያነብባል። በሦስተኛው ‹ፈ› እውነትም እግሯ ተሰብሮ ቁጭ አለች።

«በጣቱ ይፈርም በቃ!» ሲል ጓድ ካሳሁን ባንኮኒውን መታው።

«ጓድ፣ እኚህ ሰው ከመሃይምነት ተላቀዋል ተብሎ ምስክር ወረቀት ተሰጥቷቸዋል» አለ ደምሴ ዝግ ብሎ። «መልሰን አሻራ ካስደረግናቸው የአብዮቱን ድል ወደ ኋላ መቀልበስ አይሆንብንም?»

ይህችን ከእኔ በራሪ ወረቀት ነው የሰረቃት! በእኔ አፍ አንድም ቀን እንዲያ አምራ አታውቅም።

ካድሬው ሥራ አስኪያጁን አስጠራ። እሳቸው ግን ትከሻቸውን ሰብቀው፣ «ጓድ፣ የእኔንም መልሷል እኮ» አሉት። «አዲስ ናሙና ለማስገባት የማኅበሩ ጠቅላላ ጉባኤ ተሰብስቦ መወሰን አለበት።» ነሐሴ ላይ ገበሬውን ከአረም አንስቶ ጉባኤ የሚሰበስብ ደግሞ ገና አልተወለደም።

«ስምህን ማን ነበር ያልኸኝ?» አለ ጓድ ካሳሁን፣ ብዕሩን አውጥቶ። በዚያ ዘመን ስም መጠየቅ ሰላምታ አልነበረም።

«ደምሴ» አለ። «ሲጽፉት ‹ሴ›ዋን ይጠንቀቁላት፤ ብዙ ሰው ይስታታል።»

ድምፁ ያው የቀድሞው ነበር። መነጽሩ ግን ባንኮኒው ላይ ይንቀጫቀጭ ነበር፤ ያን የሰማሁት ከጎኑ የነበርሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ቅስቱ በባሕር ዛፍ ግንድና በቀይ ጨርቅ ቆመ፤ የጉና ነፋስም በሳምንቱ አስጎንብሶት እጅ አስነሣው። ካድሬው ወደ ሌላ አውራጃ ተዛወረ። ጥቅምት ሲጠባ አያ ፈንታሁን ብቻቸውን መጡ፤ «ወፍጯችን ደኅና ናት? ልወስዳት ነው» ብለው በሳቅ እየተንከተከቱ ፈረሙ። ከሳቁ ብዛት ‹ፈ› ወድቃ፣ ‹ን› ተንጋላ፣ ‹ሁ› ከመስመር ወጥታ ነበር። ዕውር እንኳ ዳስሶ ይመልሰው ነበር።

ደምሴ መነጽሩን አላነሣም።

«ይመሳሰላል» አለ።

ገንዘብ ያዡ ጣቱን ምላሱ ላይ እንዳደረገ ቀረ፤ እንዲህ ያለ ቃል ከዚያ መስኮት ወጥቶ አያውቅማ።

ሰዉ ሲወጣ ጠጋ ብዬ፣ «አቶ ደምሴ» አልሁት፣ «የነሐሴው እኮ ይመሳሰል ነበር።»

«ፊርማውስ ይመሳሰላል» አለኝ፣ መነጽሩን እየወለወለ። «ሰውየው ነበር የማይመሳሰለው።»

ያን ዕለት መሳቢያዬን ከፍቼ አወጣሁት፤ ሌላ የሚገባበት መደብ ግን እስከ ዛሬ አላገኘሁለትም። ሰርግ ቤት «የት ነበር የሠራኸው?» ሲሉኝ «ባንክ» ብዬ አላቆምም፤ «ከደምሴ ጎን» እላለሁ፣ አንገቴም ያለ ከረባት ቀጥ ይላል። የጋሳይን ወፍጮ ድምፅ ከመንገዱ ላይ የሰማ ሰው እንዴት እንደመጣች ይጠይቅ። እኔ ደግሞ ልናገር፤ ያም ዘመን አልፏል፣ ያም ካድሬ የለም።

እንግዲህ አንባቢዬ፣ ነገ አንዱ ደምሴ በመስኮቱ «አይመሳሰልም» ቢልህ፣ ከመራገምህ በፊት ዞር ብለህ ከኋላህ የቆመውን እይ። ለማንኛውም እስቲ እዚህ ግርጌ ላይ አንድ ጊዜ ፈርምልኝ። ጥሩ። አሁን ደግሞ ድገመው፣ ከኋላህ ማንም እንደሌለ ሆነህ…