ደህንነት የሚል በር

ይህ ታሪክ የተፈጸመው ደህንነቱ እጅግ በተጠበቀ ስፍራ ነው። ስፍራው ሰበታ ውስጥ፣ ከጅማ መንገድ ገባ ብሎ፣ ባሕር ዛፍ የከበበው አንድ የዩኒቨርሲቲ የምርምር ላቦራቶሪ ሲሆን፣ ደህንነቱ ከመጠበቁ የተነሣ ሊፈነዳ ትንሽ ነበር የቀረው።

ዲኑ ዶክተር ፈቀደ «ተቋሙ ለደህንነት የሰጠውን ልዩ ትኩረት ይበልጥ በማጠናከር» አቶ ሽመክትን የላቦራቶሪ ደህንነት ኃላፊ አድርገው ቀጠሩ። ሥራው ጓንት አድርጉ፣ አሲዱን ክደኑ፣ እዚህ ምሳ አትብሉ ማለት ነው። ሽመክት ደግ ሰው ነው። አንድ ችግር ብቻ አለበት፤ ሳይነስ። አፍንጫው ፊቱን ከማሳመር በቀር ሌላ ሥራ ስለሌለው፣ አንድ ነገር ቢሸት የሚያውቀው ሰው ሲነግረው ነው።

የቢሮውን በር ጽሑፍ ያዘዘው ማስታወቂያ ጸሐፊው ወንዲ ጋ ነበር።

«ጋሼ፣ ቦርዱ አጭር ነው» አለው ወንዲ። «‹ላቦራቶሪ› ምን ያደርጋል? ሰው ገብቶ ያየዋል። ‹ኃላፊ›ም ይቅር፣ ከረባትዎ ይናገራል። ዋናዋን ቃል ደመቅ አድርጌ ልጻፍልዎት።»

ጻፈለት። በጥቁር መደብ፣ በቀይ ቀለም፣ «ደህንነት»።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ኮሪደሩ ላይ ሣቅ ጠፋ። ዘበኛው፣ ሽመክት በኦሮምኛ «አካም፣ ፋያ?» ብሎ ደህና መሆኑን ሲጠይቀው «ፋያ! ፋያ!» እያለ ሳይጠየቅ መታወቂያውን ያወጣል። ሰርቪስ ውስጥ ሲገባማ ስለ ኑሮ ሲያማርር የመጣው ሁሉ ጉሮሮውን ይጠርጋል።

«ሽንኩርት እንኳ ረከሰ አይደል?» ይላል አንዱ።

«ኧረ በነጻ ነው!» ይላል ሌላው።

ሽመክት ከጎኑ ያለው ወንበር ሁሌ ባዶ የሚሆነው ሰው ስላከበረው መሰለው። እግሩን ዘርግቶ ይሄዳል።

አንድ ሰኞ የላቦራቶሪው ቡታጋዝ ጎማ ተሰነጠቀ። ሽታው ግቢውን አልፎ መንገድ ዳር ቆሎ ሻጮቹ ጋ ደረሰ። ሽመክት ግን ምን ያውቃል? የልማዱን ሊጠይቅ ተማሪዎቹ ጋ ገባ።

«ልጆች፣ ሾልኮ የወጣ ነገር አለ?»

«ከእኛ?» አለ ሱልጣን በድንጋጤ። «ወላሂ ጋሼ፣ ከእኛ ምንም አልወጣም!»

«የሸተታችሁስ ነገር?»

«እኛ ተማሪዎች ነን፣ ምን ይሸተናል?»

«አንቺስ ቤቴል?»

ቤቴል ልትመረቅ የደረሰች የማስተርስ ተማሪ ናት። አፍንጫዋን በነጠላዋ ይዛ «ጉንፋን ነው» አለች፣ ምን ያዘሽ ሳይላት።

ሽመክት ደስ ብሎት ወጣ። «አየሽ» አላት ሱልጣን፣ «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።» እውነት ነው፣ ዝንብ አይገባም። ጋዝ ግን በአፍንጫ ይገባል።

ዓርብ ዕለት ዶክተር ፈቀደ «አደጋ አልባ ላቦራቶሪ» የሚል በዓል አዘጋጁ፤ እዚያው ላቦራቶሪው ውስጥ። ረጅም ንግግር አደረጉ። ተጋባዡ ሁሉ እያጨበጨበ ወደ በሩ በጀርባው ይሸሻል። ዲኑ «ሽታው የሳይንስ ሽታ ነው» ብለው ለአንዱ ተጋባዥ በጆሮው አሳመሩትና ሻማ አነሡ።

«እነሆ፣ ስለ ደህንነታችን ሻማ እናብራ!»

ሽመክት በፈገግታ ክብሪቱን አቀበላቸው። ክብሪቱ ከቀፎው ሲወጣ ቤቴል ነጠላዋን ከአፍንጫዋ ላይ አነሣች። ምረቃዋን አሰበች። ከዚያ ደግሞ ለመመረቅ መጀመሪያ በሕይወት መኖር እንደሚያስፈልግ ትዝ አላት።

«ጋሼ ሽመክት፣ ቢያስሩኝም ይሰሩኝ! ጋዙ እየፈሰሰ ነው!»

ሽመክት ክብሪቱን ከዲኑ እጅ መነተፈ፣ ሲሊንደሩን ዘጋ፣ መስኮቱን በረገደ፣ ሰዉን ሁሉ እየገፋ ባሕር ዛፉ ሥር አወጣ። ያን ቀን እንዴት እንደሮጠ ያላየ፣ ሯጭ አላየም።

«ምን አድርገሽ ነው የማስርሽ?» አላት እያለከለከ።

«ደህንነት አይደሉ እንዴ?»

«ነኝ እንጂ! ጓንት አድርጉ የምል ደህንነት ነኝ!»

ሱልጣን በሣቅ ሣር ላይ ወደቀ። ዶክተር ፈቀደ ግን አልሣቁም።

«ማነው ይኼን ሾልኮ እንዲወጣ ያደረገው?» አሉ።

«ጋዙን ነው ወሬውን?» አለች ቤቴል።

«ወሬውን ነዋ!»

በነጋታው ዲኑ «ሕዝብን የሚያሸብር ቃል ከበሩ ይነሣ» ብለው አዘዙ። ሽመክት ወንዲ ጋ ተመለሰና «የላቦራቶሪ አደጋ መከላከል ኃላፊ» ብለህ ጻፍ አለው። ወንዲ ቦርዱን በስንዝር ለካና ራሱን ነቀነቀ።

«ዋናዋን ቃል ደመቅ ላድርጋት፣ ጋሼ።»

እናም ዛሬ በሩ ላይ፣ በቀይ ቀለም፣ «አደጋ» የሚል ተለጥፏል። ከሩቅ ያየ ሊሸሽ ይገባው ነበር። ሰዉ ግን ተሰልፏል። አንዱ የላላ ሶኬት ሊናገር ይመጣል፣ ሌላው የተሰነጠቀ ጠርሙስ ይዞ። ሱልጣን እንኳ «ባለፈው አሲድ የደፋሁት እኔ ነበርኩ» ብሎ ተናዟል። ደህንነት ሲባል ግድግዳ የተጠጋ ሁሉ፣ አደጋ ሲባል እፎይ ብሎ ገባ።

ሰርቪስ ውስጥም ሽመክት እግሩን መዘርጋት ቀረበት። ትናንት አንዱ ገፋ አድርጎት አጠገቡ ተቀመጠና ትከሻውን መታ አደረገው።

«ስማ አደጋዬ፣ ሽንኩርት እኮ አልቀመስ አለ!»