ስለ ዓሣዎች የመንፈስ መረጋጋት የወጣ መመሪያ

ታሪክ የማይረሳው ውሳኔ የተላለፈው ማክሰኞ ከምሳ በፊት ነው። የኪሪትማቲ ደሴት የእንግዳ መስተንግዶ ኮሚቴ በመሰብሰቢያው ዳስ ምንጣፍ ላይ እግሩን አጣጥፎ ለሦስት ሰዓት መከረ፤ ኢካሪ የተባለችው ዓሣ የመንፈስ መረጋጋት እንደሚያስፈልጋትም በሙሉ ድምፅ አረጋገጠ። እርግጥ ነው፣ ኢካሪ ድንጉጥ ናት። ከጉልበት በማያልፈው ባሕር ላይ የሰው ጥላ ካየች የለችም። እንግዶቹ ደግሞ እሷን ለመያዝ፣ ይዘውም መልሰው ለመልቀቅ ግማሽ ዓለም አቋርጠው ይመጣሉ። ስለዚህ ኮሚቴው ለምግብ የሚሆን ዛጎል ለመልቀም አሸዋ እየቆፈሩ ባሕሩን የሚያውኩትን ሴቶች ላልተወሰነ ጊዜ አገደ።

እንግዶቹን ወደ ዓሣው የሚመራው ካሮቱ በአሥራ አንድ ዓመት ሥራው አንድ ነገር ያውቃል፤ ኢካሪ የምትመጣው ሴቶቹ የቆፈሩት አሸዋ ውስጥ ትል ለመልቀም ነው። ይህን መናገር ነበረበት። ነገር ግን የመሪነት ፈቃዱ ዓርብ ያበቃል፤ የሚያድሱለትም የኮሚቴው ሊቀመንበር ቴኮዋ ናቸው። ስለዚህ ከሁሉም አስበልጦ አጨበጨበ። ከታገዱት ሴቶች የመጀመሪያዋ አማቱ ኔይ ታሬማ መሆናቸው፣ እሱም የሚኖረው እሳቸው ቤት መሆኑ ጭብጨባውን አላቀዘቀዘውም።

ሊቀመንበሩ የመመሪያውን ፍሬ ለማስመስከር ሐሙስ ዕለት ራሳቸው እንደሚያጠምዱ አስታወቁ። ዓሣ ካልተያዘ ጥፋቱ የመሪው እንደሚሆንም በአንቀጽ ዘጠኝ ተደነገገ።

ሐሙስ ሠላሳ ሰው አጅቧቸው ወደ ባሕሩ ወረዱ። የአበባ ጉንጉን ተደረገላቸው፤ ንግግር አሰሙ፤ ጸጥታ እንዲከበርም በድምፅ ማጉያ ሦስት ጊዜ ታወጀ። እስከ እኩለ ቀን አንዲት ጭራ እንኳ ብቅ አላለችም። አጃቢው ራበኝ ብሎ ሲበተን ሊቀመንበሩ የማጥመጃ ዘንጋቸውን እንደያዙ ከካሮቱ ጋር ቀሩ።

«ዓሣዎቹ የት ገቡ?»

«ተረጋግተው ይሆናል፣ ክቡር ሊቀመንበር።»

ከአሸዋው ጉብታ ማዶ ግን አንዲት ሴት አጎንብሳ ትቆፍራለች። ኔይ ታሬማ ናቸው። ከተረከዛቸው ሥር ብርማ ጭራዎች ይወዛወዛሉ።

«ያቺ ሴትዮ መመሪያ እየጣሰች ነው» አሉ ሊቀመንበሩ።

«አዎ፣ ክቡርነትዎ። ዓሣዎቹም አብረዋት እየጣሱ ነው።»

ሊቀመንበሩ ዘንጋቸውን ዝቅ አደረጉ። ከዚያ ምን ይሻላል ብለው ጠየቁ። ካሮቱ ጎንበስ ብለው ከኔይ ታሬማ ኋላ እንዲጠጉ በሹክሹክታ ነገራቸው። ሹመት ካገኙ ወዲህ ጎንበስ ብለው የማያውቁት ሰው በግድ አጎነበሱ።

ኔይ ታሬማ ዞር ሳይሉ፣ «ቴኮዋ ነህ? ከመጣህ አይቀር ቆፍር» አሉ።

ቆፈሩ። ወዲያው መንጠቆው ላይ ከላባና ከክር የተሠራችውን የውሸት ሸርጣን ወረወሩ፤ ኢካሪም አመነቻት። ክሩ እየፏጨ ሄደ፣ ሊቀመንበሩም ተከትለው እየወደቁ እየተነሡ ሄዱ። በመጨረሻ ዓሣዋን አቅፈው ፎቶ ተነሡና ወደ ባሕሩ መለሷት።

«ለቀቅካት?» አሉ ኔይ ታሬማ።

«ደንቡ ነው፣ እማማ።»

«እኔን ከሥራዬ የከለከልከኝ ይዘህ ለመልቀቅ ነው?»

ለዚህ ጥያቄ መልሱ ከሁለት ሰዓት በኋላ በዳሱ ውስጥ በሪፖርት መልክ ተነበበ። ሴቶቹ በታገዱ በሦስተኛው ቀን ዓሣ ተይዟል፤ ስለሆነም እገዳው ፍሬ ስላፈራ ቋሚ ይሁን የሚል ነው። የጎደለው የዓይን ምስክር ፊርማ ብቻ ነበር። ካሮቱ እስክሪብቶውን አየ፤ ከጎኑ የተቀመጠውን የታደሰ ፈቃድም አየ። አፈረ። ፈረመ።

ቤቱ ሲገባ ወሬው ቀድሞት ደርሷል። ፈቃዱን ሚስቱ ግድግዳ ላይ እንድትሰቅልለት ሰጥቶ ሊታጠብ ወጣ። ሲመለስ እራት ቀርቧል፤ ቤተሰቡ የዕለቱን የዛጎል ሥጋ በኮኮናት ወተትና በሩዝ እየበላ ነው። የእሱ ሳህን ተከድኗል። ለአማች እንዲህ ያለ ክብር በዚያ ቤት ብርቅ ነውና ደስ ብሎት ከፈተው።

ፈቃዱ ነበር፤ ኮኮናት ወተት ፈሶበታል።

«ብላ፣ ልጄ» አሉ ኔይ ታሬማ። «የመንፈስ መረጋጋት ይሰጥሃል።»