የሙሽራዋን ስም ለመጨረሻ ያቆየሁበት አልጋ ልብስ

ወገኖቼ፣ ዛሬ የደረሰብኝን ስነግራችሁ «ይቺ ደግሞ ላይክ ፈልጋ ነው» እንዳትሉኝ!

ላይኩ ይቅርብኝ። ዛሬ ያየኝ ሰው ይበቃኛል።

የተዋረድኩት በአልጋ ልብስ ነው። በገዛ እጄ በሰፋሁት!

ቦንጋ ያላችሁ ታሪኩን ታውቁታላችሁ። ለማታውቁት ግን፣ ስድስት ዓመት አብሮኝ የነበረ ሰው አለ። የአንድ ቢሮ ሰዎች ነን። ስሙን እዚህ አልጽፍም። አልጋ ልብሱ ላይ በወርቃማ ክር ጽፌለታለሁ፣ ይበቃዋል።

ይህ ሰው አምና «ትንሽ ጊዜ ስጪኝ» አለኝ። ሰጠሁት። የሰጠሁትን ጊዜ ይዞ ለመስክ ሥራ ደካ ሄደና ሚስት አገባበት!

እንግዲህ ቢሮው ለእኔ ምን እንደሚመስል አስቡት። በር ስከፍት ወሬ ይቆማል። ሻይ ክበብ ስገባ ወንበር ይለቀቅልኛል። ቤቴ ለቅሶ ያለ ይመስል ሰው ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አለሽ?» ይለኛል።

አለሁ! የት እሄዳለሁ?

ታዲያ የቢሯችን ማኅበራዊ ኮሚቴ ለሙሽሮቹ ስጦታ ምን እንግዛ ብሎ ሰበሰበን። ሰብሳቢያችን ጋሽ ወልዴ «ብርድ ልብስ ይሻላል፣ ይሄ ዝናብ መቼ ያባራል?» ሲሉ እጄን አወጣሁ።

«አልጋ ልብስ እኔ እሰፋላቸዋለሁ!»

አንድ ለአምስት ግምገማ ላይ እንኳ እንደዚያ ጸጥ ብለን አናውቅም።

የፈለግኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር። ሰው ሁሉ «ረስታዋለች» እንዲል። በተለይ እሱ እንዲል። ሌላ ምንም ነገር አልፈለግኩም።

ደግሞ መስፋት እችላለሁ። የእናቴ የስፌት መኪና ቤቴ ነው ያለው፤ የሶፋ ልብስ፣ የትራስ ልብስ፣ መጋረጃ፣ ሁሉንም እሠራለሁ። ይሄኛው ግን ወፍራሙ ዓይነት ነው። ከላይ ያማረ ጨርቅ፣ መሃል ስስ ስፖንጅ፣ ከሥር ገበር ይሆንና ሦስቱ አንድ ላይ በአራት ማዕዘን በአራት ማዕዘን ይሰፋል። ጓደኛዬ ከጅማ በፍላሽ ካመጣችልኝ ቪዲዮ ነው የተማርኩት።

ቪዲዮው ላይ ያለችው ሴትዮ አንድ ነገር ደጋግማ ትናገራለች። ስም ወይም አበባ የምትጠልፉ ከሆነ መጀመሪያ በላይኛው ጨርቅ ላይ ብቻ ጥለፉ። ከጨርቁ ሥር ደግሞ ጨርቁን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ወረቀት አድርጉ። ጥልፉ ሲያልቅ ወረቀቱ ይቀደዳል። ስፖንጅና ገበር የሚመጡት ከዚያ በኋላ ነው።

ወረቀቱን ስታብላይዘር ትለዋለች። የፍሪጁን አይደለም፣ አትሳቁ!

ወረቀት ደግሞ መቼ ጠፍቶ! ቢሯችን ከሥልጠና የተረፈ ፍሊፕ ቻርት ሞልቷል። አንድ ንጹህ ወረቀት ከጨርቁ ሥር አድርጌ የእሱን ስም ጠለፍኩ።

አቤት አወጣጡ! ልጥፍ አለ። አንዲት ክር አልጎበጠችም። ወረቀቱን ከሥር ቀድጄ ሳወጣ በማተሚያ ቤት የታተመ ነበር የሚመስለው። ደስ ማለቱ አናደደኝ።

ቀጥሎ የእሷ ስም ነበር። አስቴር።

ክሩን መርፌው ውስጥ አስገባሁ። መልሼ አወጣሁት። «ይሄ ቀለም ከጨርቁ ጋር አይሄድም» አልኩና ገበያ ወጥቼ ሌላ ክር ገዛሁ። እሱም አልሄደም። ሌላ ቀን ልጀምር ስል መብራት ጠፋ። በመብራት መጥፋት እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም!

«የእሷን መጨረሻ ላይ እሠራዋለሁ» አልኩ።

ሰው ሥራ እንዳይፈታ ሌላ ሌላውን ይሠራል አይደል? ስፖንጁን አነጠፍኩ። ገበሩን አደረግኩ። ሦስቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰፋሁ። ስፌቱን ብታዩት ትመርቁኛላችሁ። ከእሱ ስም አጠገብ ያለው ባዶ ቦታ ብቻ ቀረ።

ቀኑ ደረሰ። ስሙ ግን አልተጠለፈም። ወረቀት እንዳላደርግ ከጨርቁ ሥር ስፖንጅ ገብቷል፣ ዙሪያው ተሰፍቷል። መፍታት ነበረብኝ። አልፈታሁም! እንዲያው በስፖንጁ ላይ ጠለፍኩት።

ክሩ በጠበቀ ቁጥር ጨርቁ ይሸበሸባል፣ ፊደሉ ይሰምጣል። አሸሁት። ወጠርኩት። በካውያ ተኮስኩት። ይሄን ጊዜ ስፖንጁ ቀለጠ መሰለኝ፣ ይባስ ብሎ ወደ ውስጥ ገባ። «ከሩቅ ማን ያየዋል» ብዬ አጣጥፌ ላስቲክ ውስጥ ከተትኩት።

የእኛን ሰው የስጦታ አሰጣጥ ደግሞ ታውቁታላችሁ። ጠቅልለህ ሰጥተህ አትሄድም። ይገለጣል! ሁለት ሰው ጫፍና ጫፉን ይዞ ይዘረጋል፣ የሰጠው ሰው በስሙ ይጠራል፣ ሽማግሌ ይመርቃል። ይሄ ጠፍቶኝ አይደለም። «ዝናብ ነው፣ ሚኒባስ ይጠብቃል፣ ቶሎ ቶሎ ይሉታል» ብዬ ነው።

ማን ቶሎ ቶሎ ይበል!

ዛሬ ከሰዓት ቢሮው በሙሉ ሙሽሮቹ የተከራዩት ቤት ገባን። የሙሽራዋ ዘመዶች ከደካ መጥተው ዙሪያውን ተቀምጠዋል። ጋሽ ወልዴ ረጅም ንግግር አደረጉና «በእህታችን እጅ የተሠራ!» ብለው አልጋ ልብሱን አስዘረጉት።

የእሱ ስም በወርቃማ ክር ያበራል። አጠገቡ የተጨማደደ ጉድጓድ አለ።

የሙሽራዋ አክስት ጠጋ ብለው አዩት። ራቅ ብለውም አዩት።

«የእሱ ይነበባል። የእኛ ልጅ ስም ወዴት ገባ?» አሉ።

ከኋላዬ አንድ የቢሮ ሰው ሳቁን በሳል ሸፈነው። ያን ጊዜ ምን ብሆን ጥሩ ነው? ተነሥቼ ሥልጠና መስጠት ጀመርኩ! ስለ ስፖንጅ። ስለ ወረቀት። መጀመሪያ ጥልፍ፣ ከዚያ ስፖንጅ መሆኑን፣ ቅደም ተከተሉ ሲዛባ ጨርቅ እንደሚሸበሸብ። ማንም አልጠየቀኝም እኮ!

አክስቲቱ እስክጨርስ ጠበቁኝና «ታዲያ የእሱን ስትሠሪ ይሄን ታውቂው አልነበረም?» አሉኝ።

የአልጋ ልብሱን ጫፍ ማስተካከል ጀመርኩ።

ሙሽራዋ ተነሣች። ቆንጆ ናት፣ ልዋሽ አልችልም። ጉድጓዱን በጣቷ ዳሰሰችና ፈገግ አለች። «እትዬ፣ ምንም አይደል። ስለደከሙልን እግዚአብሔር ይስጥልን» አለችኝ።

እትዬ! እኔን!

ቀጥላ ወደ ባሏ ዞር ብላ፣ ቀስ ያለች መስሏት፣ «ማናቸው?» አለችው።

አታውቀኝም! ስሜን ሰምታው አታውቅም! እሱ አልጋ ልብሱን እያየ፣ እኔን ሳይሆን አልጋ ልብሱን እያየ፣ መለሰላት።

«የቢሮ ሰው ናት። ስፌት ትወዳለች።»

ወገኖቼ፣ አባቱ ማንኪራ ገጠር ታመው በዚያ ጭቃ በእግሬ እየሄድኩ ያስታመምኩ እኔ ነኝ። እናቱ «ልጄ» ብለው የሚጠሩኝ እኔ ነኝ። እኔ የረሳሁ ለመምሰል ያን ሁሉ ቅዳሜ ስሰፋ፣ እሱ ለካ አንድ ክር ሳያባክን ረስቶኝ ጨርሷል። አመመኝ። እውነቴን ነው፣ እዚህ ደረቴ ላይ አመመኝ።

አክስቲቱ ግን አልጨረሱም። «ልጄ፣ እውነቱን ንገሪን። ሆን ብለሽ ነው?»

ጋሽ ወልዴ ሊያድኑኝ ፈጠኑ። «ኧረ ስፖንጁ ነው እናቴ፣ ነገረችን እኮ...»

መዳን እችል ነበር። «አዎ፣ ስፖንጁ ነው» ብል ምርቃቱ ይቀጥላል፣ እንበላለን፣ በሚኒባስ እንመለሳለን፣ እኔም ስፌት የምትወደዋ የቢሮ ሰው ሆኜ እቀራለሁ።

«ሆን ብዬ ነው» አልኩ።

እሱ ያን ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ። ከአምና ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ! ሙሽራዋ ግን እኔን አላየችም። እሱን ነው ያየችው፣ ለረጅም ጊዜ። ጃንጥላዬን አንሥቼ ወጣሁ።

አሁን አልጋዬ ላይ ሆኜ ነው የምጽፈው። ሆን ብዬ እንዳልሆነ ለእናንተ እምላለሁ። ቢያንስ ግማሹን እምላለሁ።

ስፌት ለምትወዱ ምክሬ ይኸው፦ ጥልፍ መጀመሪያ፣ ከሥሩ ወረቀት፣ ስፖንጅና ገበር በኋላ። ስሙን ለመጥለፍ እጃችሁ እምቢ ካለ ደግሞ ፔርሙስ ግዙና ስጡ!

እኔ የጠፋኝ ሌላ ነገር ነው። ነገ ጠዋት ቢሮ ስገባ «ምቀኛ» ብለው ይጠብቁኛል፤ «ስፌት ትወዳለች» ከምባል ይሄ አይሻለኝም ትላላችሁ?