ለቅሶ ደራሹ ባለሱቅ

የገጠር ደንበኛ ያለው ባለሱቅ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገው ምንድን ነው? ሸቀጥ እንዳትሉኝ። ለቅሶ መድረስ ነው። በደርግ ጊዜ ፍኖተ ሰላም ላይ ሱቅ ነበረኝ። ስኳሩንም ሳሙናውንም የኅብረት ሱቅ ጠቅልሎ ወስዶት፣ ለእኛ የተረፈን ጨው፣ ክብሪትና መርፌ ነበር። ጎረቤቴ መኮንንም የሚሸጠው ያንኑ ጨው ነው፣ በዚያው ዋጋ። ታዲያ ገበሬው በምን ይምረጠን? በሐዘኑ ቀን ማን እንደመጣለት አይቶ ነዋ! ለቅሶ የማይደርስ ባለሱቅ ቅዳሜ ገበያ ዝንብ እሽ ሲል ይውላል። መኮንን ይህን ከእኔ በፊት አውቆት ሽንዲ ድረስ ቀብር አያመልጠውም። ከዙሪያው ገጠር ለእኔ የቀረችኝ ማንኩሳ ብቻ ነበረች።

አንድ ቀን ከማንኩሳ የመጣ ሰው፣ አያ ታፈረ ግቢ ዳስ እየተጣለ ነው ብሎኝ አለፈ። አያ ታፈረ የማንኩሳ ትልቅ ሰው ናቸው፤ እሳቸው ከገዙበት ሱቅ አገሩ ሁሉ ይገዛል። መታመማቸውን ሰምቼ ነበር። ዳሱ ለምን እንደሆነ መጠየቅ አልነበረብኝም? ነበረብኝ። ግን ጠይቄ እስክጨርስ መኮንን ቢቀድመኝስ? ሱቄን ዘግቼ በረርኩ። ግቢው ጋ ስደርስ ጋቢዬን አዘቅዝቄ፣ "አያዬን! አያዬን!" እያልኩ ደረቴን እየደቃሁ ገባሁ።

ዳስ የሚሠሩት ሰዎች እንጨት እንደያዙ ቀሩ። ከመካከላቸው አያ ታፈረ ራሳቸው ወጡ፣ መጥረቢያ ይዘው። ለካ በማግስቱ ልጃቸውን ሊድሩ ኖሯል። በሰርግ ዋዜማ ሟርት ይዤ መግባቴ ነው፤ ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ! ሴቶቹ ማማተብ ጀመሩ። ማንኩሳም ከእጄ ወጣች አልኩ በልቤ። እሳቸው ግን አዩኝ፣ አዩኝና መጥረቢያውን አስቀምጠው፣ "ተዉት፤ በቁሜ ተለቅሶልኛል፣ እንግዲህ ቶሎ አልሞትም" አሉ። አጠገባቸው አስቀምጠው ጠላ አስቀዱልኝና፣ ምን ምን እያልኩ ላለቅስላቸው እንደነበር አንድ በአንድ አስወሩኝ። እየሰሙ ይስቃሉ፣ ደግሞ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ማንኩሳ ሱቄ ደጃፍ ናት። እሳቸውም ጨው ሳይጎድላቸው ይመጡና፣ የገደልኸኝ ሰውዬ እንዴት አደርህ ይሉኛል። ደግ ዘመን ነበር ማለቴ አይደለም፤ ዘመኑን ታውቁታላችሁ። እሳቸው ግን ደግ ነበሩ። ያ ሳቃቸው ዛሬም ይናፍቀኛል።

ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ ገበያው በደራበት ቅዳሜ፣ አንድ ሰው ገብቶ አያ ታፈረ ማረፋቸውን ነገረኝ። እኔ ነኝ ዳግመኛ የምሞኝ? ከት ብዬ ሳቅሁና፣ "ደግሞ የትኛዋን ልጃቸውን ሊድሩ ነው?" አልኩት። ሰውየው ትክ ብሎ አይቶኝ ወጣ። እኔ ጨዌን ስሰፍር ዋልኩ። ከሰዓት በኋላ ቀና ስል የመኮንን ሱቅ ተዘግቷል።

ማንኩሳ ወደ መኮንን ሄደች፤ ትሂድ። እኔን የሚያንገበግበኝ፣ በቁማቸው አልቅሼላቸው ሲሞቱ መሳቄ ነው።